የውሃ ፌጦዋና ሦስቱ ሸክላዎች

ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ወሬውንም ተዉትና ስሙኝ። በዱሮ ዘመን፣ ሸክላ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ እንቁራሪትም ሰውን በምትመክርበት ጊዜ፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ከአባቷ ከአባ ውቤ ጋር ትኖር ነበር። አባ ውቤ ንዳድ ታመው ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ሲሄድ ግን የምግብ ፍላጎታቸውን ይዞባቸው ሄደ። ገንፎ ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ወጥ ሲቀርብላቸው «ኤጭ፣ ሽታው!» ይላሉ። የሚቀምሱት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምንጭ ዳር ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ እንደ ፌጦ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅጠል። የአገሩ ሰው የውሃ ፌጦ ይለዋል። ማንጠግቦሽ በጨውና በቃሪያ ለውሳ ስታጎርሳቸው፣ በሱ ሰበብ እንጀራውም አብሮ ይወርድላቸው ነበር።

በጋው ጠናና ምንጩ መድረቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ማንጠግቦሽ ብትወርድ አንዲት የውሃ ፌጦ ብቻ ቀርታለች። እጇን ስትዘረጋ ከድንጋዩ ሥር እንቁራሪት ጮኸች።

«ተይ አንቺ ሴት! ዛሬ ቀጥፈሻት ነገ አባትሽን ምን ልታበዪ ነው?»

«ብተዋትስ መድረቋ አይደል?»

«ከነሥሯ ንቀዪና ቤትሽ አሳድጊያት። እኔንም ይዘሽኝ ሂጂ፤ ጠባይዋን አውቃለሁ። ፍርሃቴ፣ ሰው ቤት የገባች እንቁራሪት በመጥረጊያ ነው የምትሸኘው።»

«ለአባቴ የምትሆን ሁሉ እንግዳዬ ናት» አለች ማንጠግቦሽ። ሁለቱንም በቅል ይዛ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ሸክላው ሁሉ ተንጫጫ።

«ለእኔ ነው የምትገባው!» አለ ጋን። «የሠርግ ጠላ የያዝኩ፣ ስንቱን እንግዳ ያጠጣሁ እኔ ነኝ!»

ማንጠግቦሽም ለክቡር እንግዳ እንደሚደረገው አደረገች። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ፈተገችው፤ በወይራ ጭስ አጠነችው፤ ውሃ ሞልታ ቅጠሏን አኖረችበት። እንዲህ ያለው ክብር ለጠላ እንጂ ለቅጠል ተደርጎ አያውቅም! በማግስቱ የውሃ ፌጦዋ «መረረኝ፣ ጭሱ አፈነኝ» እያለች ተዝለፍልፋ ተገኘች። ግማሽ ቅጠሏ ረግፏል። አባ ውቤም ያን ቀን ምንም ሳይቀምሱ ዋሉ።

«ጋን ድሮስ ከጠላ ሌላ ምን ያውቃል?» አለች እንስራ። «የውሃን ነገር ለእኔ ተዉት።»

ማንጠግቦሽ እንስራዋን አጠበች፤ ንጹሕ ውሃ ሞላች፤ ቅጠሏን አስገባችና አቧራ እንዳይነካት ክዳኑን ገጠመችው። እንቁራሪቷ «ኧረ ክፈቱላት!» ብትል እንስራ ተቆጣች። «አንቺ ደግሞ! ጭቃ ላይ ያደግሽ ስለ ንጽሕና ምን ታውቂያለሽ?» ክዳኑ ሲነሣ ውሃው ሸቷል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ የቀረችው አንዲት ቀንበጥ ናት። አባ ውቤ ከመደቡ መነሣት አቅቷቸዋል።

ማንጠግቦሽ እንባዋ መጣ። «ምን ላድርግልሽ? ለእንግዳ የሚደረገውን ሁሉ አደረግሁልሽ እኮ!»

«ማን ጠየቀኝ፣ እሜቴ?» አለች ቀንበጧ በቀጭን ድምፅ። «ጭሱን የሚወደው ጠላ ነው፤ ክዳኑን የምትወደው እንስራ ናት። ለእኔ እግሬ ሥር ጭቃ፣ ራሴ ላይ ብርሃን፣ መሐሉን የሚያልፍ ውሃ ይበቃኛል። የተኛ ውሃ ይገድለኛል።»

«እንግዲያው ቂጡ የተበሳ ሸክላ ያስፈልጋል» አለች እንቁራሪት።

የተበሳ ሸክላ ከዚያ ወዲያ ወጥም ጠላም እንደማይዝ ሁሉም ያውቃል። ጋን ያልሰማ መሰለ። እንስራ «እኔ ከተበሳሁ ውሃ በምን ሊቀዳ ነው?» አለች፤ እውነቷንም ነበር።

«እኔን ብሱኝ» የሚል ድምፅ ከምድጃው ጥግ መጣ። ትንሿ ማሰሮ ናት።

«አንቺን? ገና እሳት በወጉ ሳትጠግቢ?» አለች ማንጠግቦሽ።

«ገበያ ላይ ‹ጠማማ ናት› እያለ ሰው ሁሉ ሲያልፈኝ፣ አባ ውቤ አንስተው አዩኝና ‹ይቺስ ማንን አስቀየመች?› ብለው በጋቢያቸው ጠቅልለው አመጡኝ። ምስጋናዬን የማደርስበት ቀን ጠፍቶኝ ነበር፤ ዛሬ አገኘሁት።»

ማንጠግቦሽ አቀፈቻት። ከዚያም በወስፌ ጫፍ ቀስ እያለች በሳቻት። ከምንጩ ባመጣችው ጭቃ ሞላቻት፤ ቀንበጧን ተከለች፤ ውሃ ያለበት ገበቴ ውስጥ አቁማ ከበሩ አጠገብ አኖረቻት። ጠዋት ጠዋት ከላይ ታጠጣለች፤ ውሃው በቀዳዳው ይወርዳል። የገበቴውን አሮጌ ውሃ ለጓሮ ጎመን ደፍታ አዲስ ትሞላለች። ውሃውን የምታመላልሰው እንስራ ናት፤ ያውም ሳታጉረመርም። እንቁራሪቷ የገበቴው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ «ጨምሪ፣ ይበቃል» እያለች ታዛለች። ቀንበጧ ሥር ሰደደች፤ አቆጠቆጠች፤ በማሰሮዋ አፍ ዙሪያ ተንዠረገገች።

«አሁን ቅጠፊኝ» አለች። «ግንዴን ብቻ ተዪልኝ፤ መልሼ አበቅላለሁ።»

አባ ውቤ ጎረሱ። አላመጡ። «እስቲ ድገሚኝ» አሉ። ማንጠግቦሽ ይህችን ቃል ስትሰማ ከደስታዋ ብዛት እየሳቀች አለቀሰች። በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጠቡና እንደ ደንቡ ለምርቃት ዘረጉ።

«ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ቤትሽ ይሙላ።»

«አሜን!»

«ውሃ ያመላለሰች እንስራ ዕድሜዋ ይርዘም። የመከረችን እንቁራሪት ድርቅ አይንካት።»

«አሜን!» እንቁራሪቷ ከሁሉ በላይ ጮኸች።

«ጋንም የልጅ ልጄን የሠርግ ጠላ ለመያዝ ይብቃ።»

«አሜን!» አለ ጋን፣ ትንሽ አፍሮ።

ማሰሮዋ ስሟን ብትጠብቅ አልተጠራም። አባ ውቤ ከመደቡ ተነሡ፤ ማንም ሳይደግፋቸው እስከ በሩ ሄደው እርጥብ ጎኗን ዳሰሱ።

«ላንቺ ምርቃት አጣሁልሽ» አሉ። «ምርቃት ሁሉ ‹ሙዪ› ነው የሚለው፤ እኔን ያኖረኝ ግን መፍሰስሽ ነው።» ከዚያ እኚያ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው ትንሿን ማሰሮ እጅ ነሷት።

እናንተም እንግዳ ስትቀበሉ የሚያኖረውን ጠይቁት፤ የበላችሁም ዕለት ያበላችሁን ሁሉ አመስግኑ። ተረቴ እዚህ አበቃ፤ ዳቦው ቢቀርብኝ እንኳ ምርቃቱን አትንፈጉኝ።