የጎደለው አርባ ቮልት

አንድ የኤሌክትሪክ መምህር ነበር። ጎበዝ መምህር ነው። «ቮልቱን ለአምፒሩ አካፍሉ፣ መንገድ ላይ ያለውን እንቅፋት ታገኛላችሁ፤ ሬዚስታንስ ይባላል። ቮልቱን በአምፒሩ አባዙ፣ ጉልበቱን በዋት ታገኛላችሁ» እያለ ሲያስተምር የማይገባው ተማሪ የለም። ኧረ ሒሳብ ስጠራ ፊታችሁን አታጨማድዱብኝ! ትንሽ ታገሡኝ፤ ከዚህ የሚከብድ የለውም።

ይህ ሰው እናቱን፣ እማማ ደብሪቱን፣ ከገጠር አምጥቶ ግቢው ውስጥ ካለችው ሰርቪስ ክፍል አስገባቸው። መብራቱንም ከራሱ ሳሎን ሳበላቸው። ሽቦው አጠረ። ሱቅ ሄዶ አንድ ወጥ ሽቦ ይገዛል ስትሉ፣ ቁራጭ ፈልጎ ጫፍና ጫፉን በጣቱ ጠመዘዘ፤ በፌስታል ጠቀለለው። «ለጊዜው ነው» አለ። ከዚያ የማዳበሪያ ኮርኒሱን ወጥሮ ሸፈነው።

ለጊዜው! ወገኖቼ፣ ከመካከላችን ቤቱ ውስጥ «ለጊዜው» የሌለው ማን ነው? ለጊዜው በገመድ የታሰረ በር አለን። ለጊዜው ያኮረፍነው ወንድም አለን። ለጊዜው እያልን ስንት ዓመት ኖርን?

እናቱ አንድ ቀን ጠሩት። «ልጄ፣ ምድጃዬን ሳበራ አምፖሌ ይፈዛል። ሽሮዬም አልፈላ ብሎ ያስቸግረኛል» አሉት።

መለኪያውን ይዞ መጣ። ምድጃውን አብርቶ ለካ። መቶ ሰማንያ ቮልት፣ ስምንት አምፒር። ሳሎኑ የሚገባው ሁለት መቶ ሃያ ነበር። አርባ ቮልት ጎድሏል። እሱ ግን ሁላችንም የምንለውን አለ፦ «የሰፈሩ መብራት ደካማ ነው እኮ እማዬ። ሁሉም ምድጃ ሲያበራ ኃይል ያንሳል። ምን ይደረግ?»

ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። «እኛ ሳሎን እኮ ቦግ ብሎ ነው የሚበራው» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! መምህሩ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አላት። ሳቁ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ።

ምን ነበረበት ያንን መለኪያ ይዞ ግቢውን አቋርጦ ሳሎኑን ቢለካ? አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ምን ነበረበት?

አንድ ቀን እሱ ትምህርት ቤት እያለ የእናቱ ክፍል ኮርኒስ ተቀጣጠለ። የቀለጠ ማዳበሪያ እናቱ ላይ ወረደ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ አወጣቸው፤ ሐኪም ቤት ገቡ። ልጃቸው ልብስ ሊወስድላቸው ወደዚያች የተቃጠለች ክፍል ገባ። ቀና ሲል ያ በጣቱ የጠመዘዘው ሽቦ ቀልጦ ተንጠልጥሏል።

እዚያው አመዱ ላይ ቆሞ አሰላ። አርባ ቮልት ለስምንት አምፒር፦ አምስት ኦም እንቅፋት። አርባ በስምንት፦ ሦስት መቶ ሃያ ዋት። ለካ የጎደለው ቮልት የትም አልሄደም! እናቱ ምድጃቸውን ባበሩ ቁጥር፣ ከራሳቸው በላይ ኮርኒሱ ውስጥ ሌላ ትንሽ ምድጃ ይነድ ነበር። ያስገባውም እሱ ራሱ ነው።

ሊናዘዝ ሐኪም ቤት ሄደ። አፉን ሳይከፍት እናቱ ቀደሙት። «አይዞህ የኔ ልጅ። አንተ ምን ታደርግ? አንተማ መጥተህ አይተህልኛል፤ ተባረክ። የሰፈሩ መብራት ነው እንጂ» አሉት።

የራሱን ሰበብ መልሰው አጽናኑበት! እንባው መጣ። «ነገ እነግራታለሁ፤ ዛሬ ትረፍ» ብሎ በልቡ፣ እጃቸውን ሳመና ወጣ። እማማ ደብሪቱ በማግስቱ ዐረፉ። ልጃቸው ጥፋት የሌለበት መስሏቸው ሄዱ። ልቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጦ ይህን ሲነግረኝ፣ «መርቃኝ ነው የሞተችው፤ ምርቃቱ ያቃጥለኛል» አለኝ።

እናንተዬ፣ እግዚአብሔር ፍቅሩን ሲሰጠን ቆጥቦ ሰጥቶን ያውቃል? ሙሉውን ነው የሚሰጠን። ታዲያ ከእኛ አልፎ ልጃችን ጋ ሲደርስ ለምን ይፈዛል? ሚስታችን ጋ ሲደርስ ለምን ይቀዘቅዛል? ስንጠየቅ መልስ አናጣም። «ዘመኑ ነው» እንላለን። «ኑሮው ነው»፣ «የዛሬ ሰው እንዲህ ነው» እንላለን። በመካከል ግን ሸፍነን የተውነው ነገር አለ። ይቅር ሳንል ያለፍነው ቂም ሊሆን ይችላል፤ ያልተናዘዝነው ውሸትም ሊሆን ይችላል። በዚያ የቀረው ፍቅር ዝም ብሎ አይጠፋም። እዚያው ይነድዳል፤ እሳቱም የሚወርደው ከሥሩ በተኙት ላይ ነው።

አንድ ሰው ነግሯችኋል፤ አልነገሩኝም አትበሉ። «አባዬ፣ ድሮ ታጫውተኝ ነበር» ብላችኋለች ልጃችሁ። «ምን ሆነሃል ሰሞኑን?» ብላችኋለች ሚስታችሁ። እናንተም ሰበብ ሰጥታችሁ ሸኛችኋቸው። እነሱም እንደ እማማ ደብሪቱ አመኗችሁ።

ያ መምህር ዛሬ ስሌቱን አሳምሮ ያውቀዋል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» የሚላት እናት ግን የለችውም። የእናንተዎቹ አሉ። አሁን ከዚህ ስትወጡ ምሳ አቅርበው ይጠብቋችኋል። ምሳው ይቆይ። መጀመሪያ ንገሯቸው።