ሹሙ የተከለው ጥላ

ተረት ተረት፤ አስፋልት ዳር ጉድጓድ ያለበት።

የከተማው ሹም የሆነው ዝንጀሮ ችግኝ ሊተክል ከነአጃቢዎቹ መጥቶ አካፋ ጨበጠ።

ችግኙም፣ «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ከፕላስቲኩ ያውጡኝ እንጂ፤ ሥሬ መውጫ አጣ» አለው።

«ዝም ብለህ ቀጥ በል፤ ፎቶ እየተነሳን ነው!» ብሎ ከነፕላስቲኩ ቀበረው። ስሙ የተጻፈበትን ትልቅ ታፔላ ግን በሲሚንቶ አስተከለ። ተጨበጨበለት።

ችግኙ በወሩ ደረቀ። ዓመት ሲሞላ ሹሙ ዛፉን ሊጎበኝ ቢመጣ፣ ፍየል ከታፔላው ሥር ተጋድማ ታመሰኳለች።

«ዛፌስ የታለ?» አላት።

«እሱስ ደርቆ በላሁት፣ ጌታዬ። ታፔላዎ ግን ጸድቋል፤ ይኸው ጥላው ሥር ተኝቻለሁ።»

ሹሙ ደስ አለውና በማግስቱ መንገዱን ሙሉ ታፔላ አስተከለበት።

ተረቴን መልሱ፤ ጭብጨባውን አትርሱ።