ሼህ በድረዲን በራሳቸው ላይ የሰጡት ፈትዋ

ግንቧ ያረጀ፣ መስጂዷ ደግሞ ከግንቧም የሚቀድም አንዲት ከተማ ነበረች፤ ስሟ ለነገራችን አያስፈልገንም። በዚያች ከተማ ሼህ በድረዲን የሚባሉ ዓሊም ይኖሩ ነበር። አርባ ዓመት እያስተማሩ ኪታብ አቅርተዋል። ሰው ሲጋባም ሲፋታም፣ ውርስ ሲካፈልም ፈትዋ፣ የሃይማኖት ብያኔ፣ የሚጠይቀው እሳቸውን ነው። እሳቸው አንዴ ከተናገሩ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

ዩኑስ ከደረሶቻቸው፣ ከተማሪዎቻቸው፣ ሁሉ ታላቁ ነበር። ሃያ ዓመት ከሼሁ ሥር ተቀምጦ ኪታብ ቀርቷል፤ የራሱም ጢም መሸበት ጀምሯል። በዚያ ዓመት ከረጀብ ወር ወዲህ አንዳንድ ነገር ታየው። ሼሁ ትናንት ያቀሩትን ምዕራፍ ዛሬም «ይህ አዲስ ነው፣ ልብ በሉ» ብለው ይጀምሩታል። ጠዋት ያነጋገሩትን እንግዳ ከዙህር ሶላት በኋላ ከየት እንደመጣ እንደገና ይጠይቁታል። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ወዲያው ይመልሱ የነበሩት ሰው «እስቲ አንተ ምን ትላለህ?» ማለት አብዝተዋል። ቁርኣን ሲቀሩ ግን አንዲት ፊደል አትስታቸውም። የዛሬ ሃምሳ ዓመቱንም ነገር ከነቀኑ ይናገራሉ።

ደረሶቹ ታዲያ ለሁሉም መልስ ነበራቸው። ደርሱን የደገሙት ሰብር፣ ትዕግሥት፣ ሊያስተምሩን ነው አሉ። ጥያቄውን ወደኛ የመለሱት ከተዋዱዕ ነው፣ ታላቅ ሰው ራሱን ዝቅ ያደርጋል አሉ። መልስ ያጡለትን ደግሞ «ሒክማ አለው፣ እኛ የማንደርስበት ጥበብ ነው» ብለው አለፉት። ሼሁ ይረሳሉ ብሎ ማሰብ በእነሱ ዘንድ አደብ ማጣት ነው። ዩኑስም አንድ ቀን አሰበውና ደንግጦ «አላህ ይማረኝ» ሲል ኢስቲግፋር አደረገ።

አንድ ማክሰኞ ሉባባ የምትባል ወጣት ሴት ወደ ሼሁ መጣች። ባሏ ጦይብ ሁለት ሕፃናት ትቶባት በወባ ሞቷል። አሁን አንድ ነጋዴ ሊያገባት፣ ኒካሕ ሊያስር ፈልጓታል፤ አባቷም ሰውየው ወደ ቆላ ሳይወርድ ነገሩ እንዲያልቅ ቸኩሏል። ሆኖም ሴት ከባሏ ከተለየች በኋላ ዒዳዋ፣ ማለትም የመጠበቂያ ጊዜዋ፣ ሳያልቅ ማግባት አትችልም።

«ሼኻችን፣ ጦይብ ከሞተብኝ ሦስት ወር ከሳምንት ሆነኝ። ዒዳዬን ልጠይቅ ብዬ ነው» አለች።

ሼሁ ሊመልሱላት ሲሉ የመስጂዱ ውሃ ቀጂ ገባና ስለተሰበረው ጋን አወራቸው። እሱን ሸኝተው ወደ ሴትየዋ ዞሩ።

«ስንት ጊዜሽ ነው አልሽኝ?»

«ሦስት ወር ከሳምንት።»

«ሦስት ጊዜ የወር አበባ አይተሽ ጸድተሻል?»

አፍራ አንገቷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እንግዲያው ዒዳሽ አልቋል። አላህ ኸይሩን ያምጣልሽ።»

አጠገባቸው ኪታብ የዘረጋው ዩኑስ ቀና አለ። ይህ የተፈታች ሴት ዒዳ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከዐሥር ቀን እንደምትቆይ ትናንት የጀመረ ደረሳም ያውቃል። በዒዳ ላይ የታሰረ ኒካሕ ደግሞ ኒካሕ አይደለም። ሉባባ አመስግና ወጣች፤ ዩኑስም ወደ ኪታቡ ተመለሰ። በማግስቱ ኒካሑ ለጁሙዓ፣ ለዓርብ፣ መቆረጡን ሰማ።

ሌሊቱን ሁሉ ሲያሰላስል አደረ። ሼሁ ሳይሰሙ ወደ አባቷ ሄዶ ነገሩን ማስተካከል ይችላል። ይሄኛው ይስተካከል ይሆናል፤ እሱ የሌለበትንስ ማን ያስተካክለዋል? ሐሙስ ከአሱር ሶላት በኋላ ወደ ሼሁ ቤት ሄደና በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«ሼኻችን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋ ስንት ነው?»

«አራት ወር ከዐሥር ቀን። ይህን ልትጠይቅ ነው በሩን የዘጋኸው?»

«ለሉባባ ግን ሦስት ጊዜ መጽዳት ይበቃሻል ብለዋታል።»

«የተፈታች ናታ! ጦይብ ምን ሆነና?»

«ሞቷል፣ ሼኻችን። ጀናዛውን ያሰገዱት እርስዎ ነዎት።»

የሼሁ ፊት በቁጣ ተለወጠ። «እኔን ነው የምታርመው?» አሉ። ከዚያ አቀረቀሩ። ቀና ሲሉ ቁጣው የለም።

«የሐዲስ ዓሊሞች የአንድን ሰው ሒፍዝና ማስታወስ ሲጠራጠሩ ይፈትኑት ነበር። እኔንም ፈትነኝ። ሦስት ነገር ንገረኝ፤ ከዚያ ቁርኣን ልቅራ፤ ስጨርስ ጠይቀኝ።»

«ግመል፣ ቁልፍ፣ ሎሚ» አለ ዩኑስ።

ሼሁ ሱረቱል ሙልክን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀሩት። አንድ ስሕተት የለበትም። ዩኑስ ተስፋ አደረገ።

«ሦስቱ ነገሮች ምን ነበሩ?»

«ግመል» አሉ ሼሁ። ቆዩ። «ግመል… እና…»

«ቁልፍ» የሚል ቀጭን ድምፅ ከመጋረጃው ኋላ መጣ። ባለቤታቸው ሩቅያ ነበሩ።

ሼሁ እጃቸውን አነሱ። «ተዪ፣ አታቀብዪኝ። እንዲህ ስታቀብዪኝ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

ሩቅያ እንባቸው መጣ። «ከረጀብ ጀምሮ። ሰው ፊት እንዳያፍሩብኝ ብዬ ነው።»

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፤ የአላህ ነን፣ ወደሱም ተመላሾች ነን» አሉ ሼሁ። ከዚያ ወደ ዩኑስ ዞረው፣ «ጫማዬን አምጣልኝ። ሳልረሳው የሉባባ አባት ቤት እንሂድ።»

አባትየው ድግሱ መሰናዳቱን ተናገረ፣ ተማጸነ። ሼሁ ግን፣ «ፈትዋዬ ስሕተት ነበር፤ ወር ከቀናት ይቀራታል» ብለው አልተነቃነቁም። ሉባባ በረጅሙ ተነፈሰች።

«እኔም አራት ወር ከዐሥር ቀን ሲባል ነበር የሰማሁት። እርስዎ ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ።»

«አንቺም ታውቂያለሽ፣ ዩኑስም ያውቃል» አሉ ሼሁ። «የሳትኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁለታችሁም እኔን አመናችሁ።»

በማግስቱ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሼሁ ቆሙ። «ወንድሞቼ፣ ከረጀብ በፊት ከእኔ የወሰዳችሁትን ያዙ። ከረጀብ ወዲህ የወሰዳችሁትን ሁሉ ወደ ዩኑስ አምጡና አስመርምሩ። ከዛሬ ጀምሮ ፈትዋ አልሰጥም» አሉ።

አንድ ሽማግሌ ከሰጋጁ ሰፍ መሃል ተነሡ። «ይህ ከተዋዱዕዎ ነው እንጂ እርስዎ አይረሱም!»

ሼሁ ፈገግ አሉ። «ተዋዱዕ አይደለም፣ መርሳት ነው። አላህ የሰጠኝን መልሶ ቢወስድ አላፍርም፤ የሌለኝን እንዳለኝ አድርጌ ብሰጣችሁ ግን አፍራለሁ።»

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። በደርሱ ላይ እየተቀመጡ የደረሶቹን የቁርኣን ቂርኣት ያርሙ ነበር፤ በመጨረሻ ዩኑስን የማን ልጅ እንደሆነ እስከመጠየቅ ደረሱ። በጠየቁት ቁጥር ይነግራቸው ነበር።

ይህን ስሰማ የሼሁ ሐቀኝነት አላስገረመኝም፤ እንደሳቸው ካለ ሰው የሚጠበቅ ነው። የከነከነኝ የዙሪያቸው ሰው ነገር ነው። ሚስት ታውቃለች፣ ደረሳ ያያል፣ ሴትየዋ ትጠራጠራለች፤ ሁሉም ከፍቅርና ከአክብሮት የተነሣ ዝም ይላል። እኛስ? አባታችን አንዱን ወሬ ሦስቴ ሲያወራ «እርጅና ነው» ብለን እናልፋለን፤ እናታችን መንገድ ስትስት እንስቃለን። ቁጭ ብለን «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብለን የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? ዩኑስ በሩን ዘግቶ እስኪቀመጥ ድረስ ያ ታላቅ ሰው አርባ ደረሳ ከብቦት ብቻውን ነበር።