አህያዋና የንጹሕ ጎመን ማኅተም

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ ጎመን አልምተው ገበያ በሚወጡበት ዘመን፣ በወንዝ ዳር የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። እመት አህያ ማሳዋ ላይ መርዝ ረጭታ አታውቅም። ትሉን እየለቀመች፣ አመድ እየነሰነሰች፣ ሥሩን ፍግ እያለበሰች ነበር ጎመኗን የምታሳድገው። ችግሩ ግን መርዝ የነካውና ያልነካው ጎመን ገበያ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጥ በዓይን አለመለየቱ ነው። ስለዚህ ንጉሥ አንበሳ አዋጅ አስነገረ።

«መርዝ ያልነካው ጎመን ቅርጫቱ ላይ ማኅተሜ ይመታበታል። ማሳውን የሚመረምረው አያ ጅቦ ነው።»

እመት አህያ ይህን ስትሰማ ጆሮዋ ቆመ። ማኅተም ከሌላት የሚገዛት አይኖርም። ማኅተሙን ለማግኘት ደግሞ አጥሯን ለጅብ መክፈት አለባት! ከዚያ ወዲያ እህል ውሃ አላሰኛት አለ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ትደነብራለች፤ የጀመረችውን ኩትኳቶ ትታ በሩን ታያለች፤ ተመልሳ ታጎነብሳለች፤ እንደገና ቀና ትላለች።

አያ ጅቦ በቀጠሮው ቀን መጣ። ዓይኑ ግን ጎመኑ ላይ ሳይሆን የእሷ ታፋ ላይ አረፈ።

«ማሳሽ ደህና ይመስላል» አለ ምራቁን እየዋጠ። «እስቲ ቀረብ በይና አስረጂኝ።»

«ጎመኑ ያለው እዚያ ነው፣ አያ ጅቦ» አለች ወደ ኋላ እያፈገፈገች።

«መርማሪን የምትሸሽ የምትደብቀው ነገር ቢኖራት ነው!» ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ማኅተሙም ቀረባት።

ጎረቤቷ ቀበሮ ግን ብልጥ ነው። ጅብ የሚመጣበትን ቀን ስለሚያውቅ የመርዝ መርጫውን ቁጥቋጦ ውስጥ ሸሸገና ቅልጥም ይዞ በሩ ላይ ጠበቀው። አያ ጅቦ ቅልጥሙን እየቆረጠመ፣ ማሳው ውስጥ እግሩን ሳያስገባ፣ ማኅተሙን መታለት።

ብዙም ሳይቆይ የጥንቸል ልጆች በጽኑ ታመሙ። የበሉት የቀበሮን ጎመን ነበር።

«ማኅተሙን አምኜ ነው ያበላኋቸው!» እያለች እናታቸው ገበያ መሃል አለቀሰች። «ከእንግዲህ ማኅተም ያለበትን ዞሬም አላይ!»

እመት አህያ መቆም መቀመጥ አቃታት። የመርዙ ሽታ ከቀበሮ ማሳ ሲመጣ ታውቀው ነበር፤ ጅብን ፈርታ ነው ዝም ያለችው። አሁን ግን አንበሳ ፊት ቀረበች።

«ጌታዬ፣ የላኩብን መርማሪ እኛኑ ሊበላ የሚመኝ ነው። እኔ ፈርቼ እሸሸዋለሁ፤ ቀበሮ ቅልጥም ይሰጠዋል። ጎመኑን ያየው የለም።»

«ምን ማስረጃ አለሽ?»

«አሁኑኑ እንሂድና ይዩት። ለማንም ሳይነገር።»

ሄዱ። ቀበሮ መርጫውን በጀርባው አዝሎ ከመደብ መደብ እየተሯሯጠ ይረጫል። አያ ጅቦ ጥላ ሥር ተጋድሞ አጥንት ይግጣል።

«ምንድነው የምትረጨው?» አለ አንበሳ።

«ውሃ ነው ጌታዬ፤ የምንጭ ውሃ!»

«እንግዲያው ጠጣው።»

«እኔማ ገና አሁን ጠጣሁ» አለ ቀበሮ ፈጠን ብሎ። «አያ ጅቦ ግን አጥንቱ አስጠምቶታል።»

ጅብ የሰጡትን እምቢ ብሎ አያውቅም። «አምጣው!» ብሎ አፉን ከፈተ።

እመት አህያ ዝም ብትል ስጋቷ ሁሉ እዚሁ ያበቃል። ኮቴዋ መሬቱን ደበደበ፤ ጆሮዋ ወዲያና ወዲህ ተወራጨ። ከዚያ «አትጠጣ፣ መርዝ ነው!» ብላ አናፋች። ጅብ ደንግጦ ወደ ኋላ ሲዘል ቀበሮ መርጫውን ጥሎ ፈረጠጠ።

አንበሳ ቀበሮን ከገበያ አገደው፤ ጅብንም ሻረው። በምትኩ ኤሊንና ሚዳቋን ሾመና እንዲህ አለ፦ «ከሩቅ መንደር ኑ። ሳትነግሩ ድረሱ። ከባለማሳው እጅ ውሃ እንኳ አትቅመሱ።»

ሹሞቹ መጀመሪያ የደረሱት እመት አህያ ማሳ ነበር። እያንዳንዱን መደብ አሸተቱ፤ አፈሩን ጫሩ። በመጨረሻ ከቀበሮ አጥር ሥር ያለው መደብ ላይ ቆሙ።

«ይህ መርዝ ነክቶታል» አለች ኤሊ።

«ነፋስ ያመጣው ነው! እኔ አልረጨሁም!»

«እናምንሻለን። ልጆች የሚበሉት ግን ጎመኑን ነው እንጂ የአንቺን ቅንነት አይደለም።»

እመት አህያ ሽቅብ ቁልቁል ተንጎራደደች። ተቆጣች፤ ደከማት፤ ከዚያ መደቡን በገዛ ኮቴዋ ነቃቅላ ቀበረችው። የቀረው ጎመን ማኅተም ተመታበት።

ገበያ ላይ ጥንቸል ገና አገግመው ያልጨረሱ ልጆቿን አስከትላ መጣች። ቅርጫቱን ከሩቅ እያየች፣ «ማኅተም አንድ ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል። ይሄኛውን በምን ልመነው?» አለች።

«ሹሞቹ የጣሉብኝን መደብ ሄደሽ እዪው» አለች እመት አህያ።

ጥንቸል ሄዳ ባዶውን መደብ አየች። ተመልሳም ከቅርጫቱ ጎመን አንሥታ ለልጆቿ አከፋፈለች።

ከዚህ የምንማረው ማኅተም የሚታመነው መርማሪው ከባለማሳው የሚፈልገው ጥቅም ሳይኖረው፣ ሳይነገር ደርሶ፣ ለሐቀኛውም ቢሆን ሳያዳላ ሲፈትሽ መሆኑን ነው።