ደብሪቱና የማይስቀው ጭቃ ሹም

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆች። እናንተም ትልልቆቹ ጠጋ በሉ፤ ይሄ ተረት እንዲያውም ይበልጥ የእናንተ ነው። ልጀምር? ጀምር በሉኝ። እንግዲያው ጀመርኩ።

በድሮ ጊዜ አንድ አገር ነበር፤ ስሙን አያቴም ሳይነግሩኝ ሞቱ። በዚያ አገር ደብሪቱ የምትባል መሶብና ሙዳይ ሰፊ ትኖር ነበር። ሦስት ልጆች ድራለች፤ ፀጉሯም ሸብቷል። አለባበሷ ግን ሌላ ነው። ለስፌቷ አለላ ስትነክር ክርም አብራ ትነክርና ቀሚሷን ትጠልፍበታለች። አንዱ እጅጌዋ ላይ ዓሣ አለ፣ ሌላው ላይ ጨረቃ፤ ከታች ዘርፉ ላይ ደግሞ ዶሮ ትሸሻለች፣ ቀበሮ ይከተላታል። ገበያ ስትወጣ ጆሮዋ ሥር አበባ ትሰካለች። መንገድ ላይ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ካገኘች አትዞርም፤ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ትዘለዋለች። በቅሎዋን ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርሽ?" ትላታለች። መልሱንም ቆማ ትጠብቃለች።

"ምነው እትዬ ደብሪቱ፣ በዚህ ዕድሜ?" ሲሏት እንዲህ ትላለች፦ "ባሌ ሲሞት ሦስት ዓመት ጥቁር ለበስኩ። በአራተኛው ዓመት አንድ ጠዋት የሸረሪት ድር ላይ ጤዛ ተሰድሮ አየሁና ፈዝዤ ቀረሁ። ወጡም አረረብኝ። ከዚያ ወዲያ የሚያስገርም ነገር ካየሁ አልፌው አልሄድም።"

የዚያ አገር ጭቃ ሹም እንግዳሸት ይባል ነበር። እንግዳሸት ሲስቅ ያየ ሰው የለም። በበጋ ፀሐይ ሁለት ጋቢ ደርቦ ይሄዳል፤ ላቡ በጢሙ ላይ ይንጠባጠባል። "ጌታዬ፣ ምነው አንዱን ቢያወልቁት?" ሲሉት፣ "ክብር ይከብዳል" ብሎ ያልፋል።

አንድ ቀን የገዢው መልእክተኛ በፈረስ መጣ። እንግዳሸት ከሕዝቡ ፊት ቆሞ ጠበቀው። መልእክተኛው ከፈረሱ ወረደ፤ እንግዳሸትን አልፎ ቀጥ ብሎ ሄደና ደብሪቱ ፊት እጅ ነሣ። ስህተቱን ሲነግሩት አፈረ። "ልብሳቸውን ሳይ የአገሩ እመቤት መስለውኝ ነው" አለ። ሰዉ ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፈነ። እንግዳሸት ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደውም።

በማግስቱ አዋጅ አስነገረ። ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ቀለም ያለው ልብስ አይልበስ፤ አይዝለል፤ አይጫወት። ይህን ሲያደርግ የተገኘ የሚጋልበው ወይም የሚያርስበት ከብት ይወሰድበታል።

ደብሪቱ በሦስተኛው ቀን ተያዘች። ምን ስታደርግ አትሉኝም? ከገዛ ጥላዋ ጋር እሽቅድድም ስትሮጥ።

ሽማግሎች ፊት አቀረቧት። "በቅሎዋ ትወሰድ" አለ እንግዳሸት። በቅሎይቱ ላይ ዓይኑን ከጣለ ቆይቷል።  ገበያው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ደብሪቱ ያለ በቅሎዋ ስፌቷን የት አድርሳ ትሸጣለች? ግን ፊቷን አላጠቆረችም።

"ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ትልቅ ሰው ጨዋታ ከውስጡ ይወጣል ነው የሚሉኝ?"

"አዎን። ልጅነት እንደ ሕፃን እጀ ጠባብ ነው። ያደገ ሰው ልልበስህ ቢለው አይሆነውም።"

"ከእርስዎም ወጥቷል?"

"ከወጣ አርባ ዓመት አልፎታል።"

"እንግዲያው እንወራረድ። እስከ ገበያ ቀን ድረስ እርስዎን ሰው ፊት ካላጫወትኩ በቅሎዬን በእጄ ጎትቼ አስረክባለሁ፤ ማቅም እለብሳለሁ። ከተጫወቱ ግን አዋጁ ይሻር።"

እንግዳሸት ዞር ብሎ በቅሎይቱን አያት። እሷም አየችው። "ይሁን" አለ። ከሽማግሎቹ ሁሉ የሚበልጡት አባ ይርጋ ምስክር ሆኑ።

በማግስቱ ደብሪቱ አንዲት ትንሽ ሙዳይ ይዛ ጭቃ ሹሙ ደጅ ተቀመጠች። እሱ ሲወጣ ጠብቃ ክዳኑን በጣት ስፋት ከፈት አደረገች፤ በአንድ ዓይኗ አጮልቃ አየችና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ግጥም አድርጋ ከደነችው።

እንግዳሸት ቆመ። "ምንድን ነው እሱ?"

"ለትልቅ ሰው አይሆንም፣ ጌታዬ።"

ጋቢውን ሰብስቦ ሄደ።

በሁለተኛው ቀን ችሎት ከሚቀመጥበት ዛፍ አጠገብ አገኛት። አሁን ደግሞ ሙዳዩን ከፍታ ጆሮዋን ደገነች። "እህ... እህ... እውነትህን ነው?" አለችው ሙዳዩን። ከዚያ ሳቀች።

"ደግሞ ይናገራል?" አለ እንግዳሸት።

"ለትልቅ ሰው አይሆንም፣ ጌታዬ።"

ያን ቀን ሁለት ባላገሮች ስለ ወሰን ሲሟገቱ የማን ወሰን እንደሆነ ሳይሰማ ፈረደ። ምሳውንም ሳይበላ መለሰው።

በሦስተኛው ቀን ሚስቱን ወይዘሮ ላቀችን ጠራት። "ሂጂና በዚያች ሴት ሙዳይ ውስጥ ያለውን አይተሽ ንገሪኝ" አላት። ላቀች ሄደች። ደብሪቱም "ለእርስዎስ ይሆናል፣ እመቤቴ" ብላ ከፈተችላት። ላቀች ወደ ውስጥ አየች። ቀና ብላ ደብሪቱን አየች። ከዚያ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ዘጭ አለች፤ ከሠርጓ ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ሁለቱ ሴቶች ራስ ለራስ ገጥመው ጥቂት ተንሾካሾኩ።

ቤት ስትመለስ ዓይኗን እየጠረገች ነበር።

"ምን አየሽ?" አለ ባሏ።

"ለትልቅ ሰው አይሆንም።"

እንግዳሸት ከመደቡ ብድግ አለ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ላቀች ወደ ጓዳ ስትገባ ግን ለራሷ እንደምታወራ ሆና "ነገ ረፋዱ ላይ አውድማው ጋ ብቻዋን ልትከፍተው ነው አሉ" አለች። እሱም የሰማ አልመሰለም።

በማግስቱ ፀሐይ ሞቅ ሲል ጭቃ ሹም እንግዳሸት አውድማው ላይ ቀድሞ ተገኘ። ግራ ቀኙን አየ፤ ማንም የለም። ሁለት ጋቢውን እንደደረበ የጭዱ ክምር ውስጥ ገባና ጭዱን በላዩ ላይ መለሰ። አያችሁት? ያ ሁሉ ክብር ጭድ ውስጥ።

ደብሪቱ ሙዳይዋን ይዛ መጣች። የጋቢው ጫፍ ከክምሩ ወጥቶ ታያት። ከኋላዋ ላቀች መጣች፤ ከዚያ አባ ይርጋ በከዘራቸው፤ ከዚያ የአገሩ ሰው ከነልጆቹ በእግሩ ጣት እየተራመደ መጥቶ አውድማውን ከበበ። ሁሉም ተመክረዋል፤ አንድ ሰው እንኳ አልሳለም።

ደብሪቱ ሙዳዩን መሬት አስቀመጠች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነችና ልጆች ድብብቆሽ ሲጫወቱ እንደሚሉት ድምፅዋን አቅጥና "ኩኩሉ" አለች።



ጭዱ ውስጥ እንግዳሸት ትንፋሹን ዋጠ። ጭዱ አፍንጫውን ኮረኮረው፤ ሽታው የአባቱ አውድማ ሽታ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ" ሲለው፣ እሱ ከበሬዎቹ ጀርባ ተሸጉጦ ልቡ ስትመታ ታወሰው።

"ኩኩሉ-ኡ-ኡ" አለች ደብሪቱ ሳብ አድርጋ።

አፉ ጌታውን ሳያስፈቅድ ተከፈተ።

"አልነጋም" የሚል ቀጭን ድምፅ ከጭዱ ውስጥ ወጣ።

ሰዉ ሳቁን አፈነ። እንግዳሸት ምላሱን ነከሰ፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ቃሉ አንዴ ወጥቷል። ጥቂት አሰበ። ሦስተኛው "ኩኩሉ" ሲመጣ "ከሆነ አይቀር" አለ በልቡ፤ ጮክ ብሎም "አልነጋም" አለ። አራተኛው ላይ ራሱ "ነግቷል" አለ።

ደብሪቱ ልትፈልገው ተነሣች። የት እንዳለ ታውቃለች፤ ግን ቶሎ አላገኘችውም። አውድማው ዳር የቆመ በሬ ሥር አየች። የአባ ይርጋን ካባ ገልጣ አየች። "ወዴት ገባ በሉ?" እያለች ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞረችው። ጭዱም በራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ጭቃ ሹሙ ከውስጥ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። በመጨረሻ እጇን ሰድዳ ትከሻውን ነካችና "ያዝኩ" አለች።

እንግዳሸት ጢሙ ውስጥ ጭድ እንደተሰካ ወጣ። አገሩ ሁሉ መቆሙን ሲያይ ፊቱን ሊያኮሳትር ሞከረ። "እኔ አልተጫወትኩም፤ ተደብቄ ነው እንጂ" አለ።

አባ ይርጋ ከዘራቸውን ተደገፉ። "ተደብቆ 'አልነጋም' ማለት ጨዋታ ካልሆነ፣ ጭቃ ሹም፣ እስቲ ስሙን ይንገሩን።"

 አዋጁም በዚያው አውድማ ላይ ተሻረ። እንግዳሸት ጭዱን እያራገፈ ወደ ደብሪቱ ጠጋ አለ።

"አሁንስ ልየው?"

"አሁንማ ይሆንልዎታል።"

ሙዳዩን ከፈተው። ውስጡ ከበቆሎ ቆረቆንዳ የተሠራች አሻንጉሊት ነበረች። ሁለት ጋቢ ደርባለች፤ ግንባሯ ላይ በከሰል ሦስት መስመር ተሠምሮባታል፤ አፏ ወደ ታች ተቆልምሟል። እንግዳሸት ረጅም ጊዜ አያት።

"እንዲህ ነው የምመስለው?"

"እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ" አለች ደብሪቱ።

ጭቃ ሹሙ ሳቀ። ሳቁ መጀመሪያ ለዓመታት ያልተከፈተ በር ሲጢጥ ሲል ይመስል ነበር፤ እየቆየ ግን ተፍታታ። ወይዘሮ ላቀች የባሏን ሳቅ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ስለሆነ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አደረገች።

ከሳምንት በኋላ እንግዳሸት አንዱን ጋቢ አጣጥፎ ደብሪቱ ቤት ይዞ መጣ። "ዳሩ ላይ አንድ ነገር ጥለፊልኝ" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ትንሽ ነገር። ሰው ከሩቅ የማያየው።" እሷም አረንጓዴ እንቁራሪት ጠለፈችለት። ከዚያ ወዲህ ችሎት ሲረዝምበት የጋቢውን ዳር ገለጥ አድርጎ ያያል፤ ጢሙም ይንቀጠቀጣል። ተሟጋቾቹም "ዛሬ ደህና ዳኛ ገጠመን" ይባባላሉ።

የእኔ እዚህ ላይ አለቀ፤ ቀሪው የእናንተ ነው፣ ለሚቀጥለው አፍ አቀብሉት። ያን ዕለት ከአውድማው ሲመለሱ፣ ሁለት ጥርስ ብቻ የቀራቸው አባ ይርጋ ሁለቱንም እያሳዩ እንዲህ አሉ ይባላል፦

ዕድሜ ጥርስ ይነቅላል እንጂ ሳቅ አይነቅልም።