ሰጎን፣ ጉሬዛና የሣሩ ዘውድ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ዳር ባለ ጫካ ውስጥ፣ ቀበሮ ተከታታይ ድራማ ጀመረ። ቴሌቪዥን የሚባል ነገር እዚያ ስላልነበረ፣ አውሬው ሁሉ ቀትር ሲያልፍ ከትልቁ ግራር ሥር እየተሰበሰበ በዓይኑ በብረቱ ያይ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። ሁለት ወይዛዝርት በአንድ ዘውድ ይጣላሉ። ዘውዱ ከለምለም ሣር የተጎነጎነ ሲሆን፣ ወይዛዝርቱ ደግሞ ሰጎንና ጉሬዛ ነበሩ።

ሰጎን ቁመናዋ ያማረ፣ ላባዋ የተንዠረገገ ነው፤ ይህንንም ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ጉሬዛ ግን ያንን ነጭ ካባዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከዛፉ ስትወርድ ተመልካቹ «እሰይ!» ይላል። ያን ጊዜ የሰጎን አንጀት እርር ድብን ይላል። እሷን እሰይ ያላት የለም፤ ቢበዛ ዝንጀሮ ያፏጭላታል።

ደግሞም መድረኩ ላይ ብዙ አትቆይም። አሸዋው ላይ ዐሥራ ሁለት እንቁላል አላት። ሌሊት ባሏ ይታቀፋል፤ ቀን እሱ ራቅ ብሎ ሲግጥ ተራው የእሷ ነው። ስለዚህ ሁለት ቃል ተናግራ፣ ክንፏን አራግፋ ወደ ጎጆዋ ትሮጣለች።

የድራማው ፍጻሜ በሚታይበት ዕለት ጠዋት ቀበሮ መጣ።

«ወይዘሮ ሰጎን፣ እንዲያው አዘንኩልሽ» አላት።

«ምን ሆንኩና?»

«ኧረ ምንም! ብቻ ጉሬዛ ‹ያቺ እግረ ረጅም ስትሄድ ነው መድረኩ የሚያምረው› ስትል ሰማኋት። እኔ ምን አገባኝ፤ ጆሮ አይደፈን ነገር!»

የሰጎን አንገት ቀላ። «እንዲህ አለች? ያቺ ቅጠል በሊታ?»

«ዛሬ ዘውዱን የምትደፋው እስከ መጨረሻው መድረክ ላይ የቆየችው ናት። አንቺ ደግሞ እንቁላልሽ…»

«ማን ይጠብቅልኛል?»

«አያ ጅቦ አለልሽ አይደል? እሱ እንደሆነ ድራማ አይገባው!»

በሌላ ቀን ቢሆን ጅብን እንኳን ለእንቁላል ለድንጋይም አታምነውም። የዚያን ዕለት ግን የሚታያት የጉሬዛ ነጭ ካባ ብቻ ነበር። ጎጆዋን ለጅብ አስረክባ ሄደች።

ቀበሮም «እንዳታቋርጡ!» ብሎ መድረኩን ከፈተና ከተመልካቹ መሀል ሹልክ አለ።

«ያንን ካባ ከማን ተውሰሽው ነው?» ብላ ሰጎን ጀመረች።

«እኔስ ካባዬን እለብሰዋለሁ» አለች ጉሬዛ። «አንቺ ያንን ሁሉ ክንፍ ተሸክመሽ የማትበሪው ለምንድን ነው?»

ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ። ሰጎን እንባዋ መጣ፤ ይሄ ድራማው ውስጥ የለም። ከዚያ በኋላ ትወናው ቀርቶ የእውነት ጥል ሆነ፤ አንዷ ስትሰድብ ሌላዋ ስትመልስ ጥላ ዞረ። በመጨረሻ የክብር እንግዳው አንበሳ ሰልችቶት ተነሣ። ዘውዱንም አንስቶ አጠገቡ ወዳለችው ሰጎን ራስ ዘረጋ። «እሰይ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ለእሷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ!

ይህን ጊዜ ጅብ፣ ጥሉ ማለቅ አለማለቁን አይቶ እንዲመጣ ቀበሮ ልኮት፣ ከኋላ ብቅ አለ። ነገሩ ሊያበቃ መሆኑን ሲያይ ደነገጠና ጮኸ።

«ኧረ በርቱ! እንዳትታረቁ! ገና ሁለት ይቀረናል!»

ጺሙ በእንቁላል አስኳል ተለውሷል።

ሰጎን ዘውዱ ራሷ ላይ ሳያርፍ ሮጠች። ቀበሮን ጎጆዋ ውስጥ አገኘችው፤ በዚያ ረጅም እግሯ አንድ ጊዜ ብትለው እስከ ወንዙ ማዶ እያነከሰ ሸሸ። ዐሥሩ እንቁላል ግን ቅርፊት ሆነዋል። ሁለቱ ብቻ ቀርተው ቀዝቅዘዋል። ሰጎን እንደቆመች አለቀሰች።

ጉሬዛ እያለከለከች ከኋላዋ ደረሰች። ቁጭ ብላም ሁለቱን እንቁላሎች በነጩ ካባዋ ሸፈነቻቸው።

«ስለ እግሬ ያልሽው…» አለች ሰጎን።

«እኔ? ወላሂ አላልኩም! ይልቅ ቀበሮ ‹ቅጠል በሊታ ብላሻለች› ብሎ ነው የነገረኝ።»

ሰጎን አንገቷን ደፋች። «እሱንስ ብያለሁ» አለችና አጠገቧ ተቀመጠች።

ዘውዱንም ከግራሩ ሥር ወድቆ አህያ አገኘችው፤ ለምለም ሣር ስለነበረ በላችው።

ከዚህ የምንማረው፣ በሌላው ካባ ስንቀና የታቀፍነውን ጥለን እንደምንሄድና ቅናታችንን የሚያራግብልንም ብዙ ጊዜ ዓይኑን ጎጇችን ላይ የጣለው መሆኑን ነው።