ቀዝቅዞ ይሰማ

አንዲት አያት ነበሩ። የልጅ ልጃቸው ረድኤት የተቀጠረችበትን ሥራ ትታ የራሷን ወርክሾፕ ልትከፍት ተነሣች። በኮምፒውተር እየታዘዘ ብረት የሚፈለፍል፣ ሲኤንሲ የሚሉትን ያገለገለ ማሽን ልትገዛ ነው። የቤተሰቡ ጥሪት በሙሉ እሱ ላይ ሊውል ነው። ታዲያ አያት እንዴት እንቅልፍ ይውሰዳቸው? «ብቻሽንማ አትሄጂም፤ ያታልሉሻል» ብለው ተከተሏት።

ሻጩ አቶ ደርበው ቃሊቲ ካለው መጋዘናቸው በር ወጥተው ተቀበሏቸው። ማሽኑ አዲስ ቀለም ተቀብቶ፣ ተነሥቶ ይሠራል። ድምፁ ለስላሳ ነው።

«ለእንግዳ ክብር ብዬ አሙቄ ጠበቅኳችሁ። እመቤቴን፣ እንከን የለውም።»

አያት መሐላውን ሲሰሙ ልባቸው ረጋ። እጃቸውን ዘርግተው መረቁ፤ «ገንዘቡን ላንተ፣ ማሽኑን ለእሷ ይባርክ።» ገና ምኑም ሳይታይ መረቁ።

ረድኤት ግን መዳፏን ማሽኑ ላይ አሳረፈች። «ጋሽ ደርበው፣ ያጥፉልኝ። ሲቀዘቅዝ አስነሥቼ ልስማው።»

አያት ደንግጠው ጠጋ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው ምሏል፤ እኔም መርቄያለሁ። ምን ቀረሽ?»

«ጆሮዬ ቀረ፣ እምዬ።»

ተቀመጡ። ብረቱ እስኪበርድ አያት በኀፍረት የነጠላቸውን ዘርፍ ሲቋጥሩ ሲፈቱ ቆዩ።

ረድኤት አስነሣችው። መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ዘንግ አጓራ።

«ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል» አለች።

«እሱ እኮ ጠዋት ጠዋት ነው» አሉ አቶ ደርበው። «ሲሞቅ ይተወዋል።»

«እኔም ሥራ የምገባው ጠዋት ነው፣ ጋሼ።»

አያት ብድግ አሉ። «ደርበው ልጄ፣ የማሽኑን ምርቃት አንሥቼዋለሁ። ለልጄ ጆሮ ይሁን።» ሲመለሱም ታክሲ ውስጥ አጠገባቸው ለተቀመጠው ለማያውቁት ሰው ሳይቀር «ይህቺን ታያታለህ? የኔ ናት» አሉት።

እናንተስ፣ ልጆቼ? ዛሬ እሑድ ነው፤ ልባችሁ ሞቋል። መዝሙሩ አሙቆታል፤ የጎረቤት እልልታ አሙቆታል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ማን ይጠረጥረዋል?

እኔ ግን እሰጋላችኋለሁ። ሰኞ ማለዳ ውሃ ጠፍቶ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ያ ልብ ምን ድምፅ ያወጣል? የሚሰማው እኮ አብሯችሁ የሚኖረው ነው። ለእሱም «ሲሞቅ ይተወኛል» ትሉታላችሁ?

ያለቀ ኩሽኔታ ይቀየራል። ልብም እግዚአብሔር እጅ ከገባ ይታደሳል። በቀለም ግን አይድንም። እንግዲህ ነገ ጠዋት፣ ማንም ሳያሞቃችሁ፣ ከአፋችሁ የምትወጣውን የመጀመሪያዋን ቃል ራሳችሁ ስሟት።